ባሏን ያከሳች ሴት

አመለወርቅን የሲቀላ ሰፈር ምእመናን የሚያውቋት በባሏ ቦርጭ ነው። ጋሻዬ ከጨንቻ ወርዶ ሲያገባት ነፋስ የሚወስደው የሒሳብ መምህር ነበር። እሷም «ቆይ ብቻ!» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። የተጠበሰ አሣ፣ በቅቤ የራሰ ፍትፍት፣ ለስላሳ በሳጥን። በዐሥር ዓመት ውስጥ ሸሚዙ አልቆለፍ አለው። እሑድ ከጸሎት ቤት ሲወጡ ሴቶቹ፣ «እህት አመለወርቅ፣ ወንድም ጋሻዬ ተመችቶታል! እጅሽ ይባረክ» ይሏታል። እሷ አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች፤ ውስጧ ግን ይጨፍራል።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ጋሻዬ ከባጃጅ ሲወርድ፣ አንድ እግሩ መሬት ሌላው ባጃጁ ውስጥ ሳለ ሚዛኑን ሳተ። ቀጭን ቢሆን ኖሮ ዘሎ ይቆም ነበር። እሱ ግን እንዳለ ተዘረጋና ራሱ ከኮብልስቶኑ ጋር ተላተመ። ሐኪሞቹ «የከፋ ነገር የለም፣ ይረፍ» አሉ። አመለወርቅም አሳረፈችው፤ ማሳረፍ ማለት እሷ ዘንድ ማብላት ነው።

ሦስት ወር አለፈ። ስልሳ ተማሪ ያለ ወረቀት በስም የሚጠራው ሰው ቁልፉን ሲፈልግ ይውላል። ልጁን ሰሊሆምን እንኳ ሦስት የሰው ስም ከጠራ በኋላ ነው የሚያገኛት። መጀመሪያ ቤተሰቡ ሳቀበት። አንድ ቀን ግን አመለወርቅ ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ወረቀት አገኘች። የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር ነው። ከታች በእርሳስ፣ «ልጄ ሰሊሆም፤ ባለቤቴ አመለወርቅ» ተብሎ ተጽፏል። ወይ ጉድ! ወረቀቱን እንደያዘች አልጋው ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ ራሷ ይዛው ክሊኒክ ሄደች። ነርሱ በርናባስ ጋሻዬን መዘነው፣ ደሙን መረመረ።

«እትዬ፣ ውፍረትና ስኳር አእምሮንም ይጎዳል» አላት። «እንዲህ የሆነ ሰው ራሱን ሲመታ ብዙ ጊዜ ቶሎ አያገግምም። ምግቡ ይስተካከል፣ በእግሩም ይሂድ።»

«የኔ ምግብ ነው ያደነዘዘው እያልከኝ ነው?»

«ኧረ እኔ እንዲያ አልወጣኝም» አለ በርናባስ፣ ዐይኑን ከሚዛኑ ላይ ሳያነሳ።

ተናደደች። ግን ያ ወረቀት ከዐይኗ አልጠፋ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤው ተደበቀ፣ የለስላሳው ሳጥን ከቤት ወጣ። የሽፈራው ቅጠል ከበቆሎ ቂጣ ጋር ሲቀርብለት ጋሻዬ ሳህኑን እያየ፣ «አመልዬ፣ ፍየሏስ ምን ልትበላ ነው?» ይላል። ጧት ጧት ከሲቀላ እስከ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ዳገቱን ታስወጣዋለች። እሱ ያለከልካል፤ እውነት ለመናገር እሷ ትብሳለች።

በስድስተኛው ወር ሱሪውን የያዘለት ቀበቶው ብቻ ነበር። ስሞቹም አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ። ሁሉም አይደሉም፤ ሰሊሆም ግን አንዴ ተጠርታ «አቤት» ማለት ጀመረች።

እሑድ መጣ። የመዘምራኑ መሪ ጽጌረዳ ጋሻዬን ከላይ እስከ ታች አየችውና አመለወርቅን ወደ ጥግ ሳበቻት።

«እህቴ፣ በሰላም ነው? ወንድም ጋሻዬ እንዲህ ምን አከሳው? ታሞ ነው? ወይስ ቤት ውስጥ ተቸገራችሁ? እንጸልይላችሁ?»

የአመለወርቅ ፊት ጋለ። የዐሥር ዓመት ስሟ በአንድ እሑድ ሊሄድ ነው። ታሞ ነው ብትል ማንም አይወቅሳትም ነበር።

«አልታመመም!» አለች፣ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እኔ ነኝ ያከሳሁት። ወፍሮ ሳለ እናንተን ደስ አላችሁ፤ እኔን ግን ሊረሳኝ ነበር።»