ሙጫ ያልያዘው ግድግዳ

እኚህን ሴት ሳልጽፋቸው ብቀር እጄ ዕረፍት አይሰጠኝም። የልጄ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። ጡረታቸው ደጅ ላይ ደርሷል፤ ቁመታቸው ከጥቁር ሰሌዳው ግማሽ ብዙም አያልፍ፣ ድምፃቸው ግን ግቢው በር ድረስ ይሰማል። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሏቸዋል፣ ዞር ሲሉ «ሙጫ»። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ያወጣው ግን አልተሳሳተም።

ከቦርሳቸው የሙጫ ዕቃና የወረቀት ቁራጭ ጠፍቶ አያውቅም። ከበድ ያለ ቃል ሲያስተምሩ በጉልህ ይጽፉትና ቃሉ የሚስማማው ነገር ላይ ይለጥፉታል። እግሩ የሚወላገደው ወንበር የራሱ ቃል አለው፤ አልዘጋም ብሎ ያስቸገረው መስኮትም እንደዚያው። አንድ ቀን እንቅልፍ የጣለው ልጅ ግንባር ላይ «ሌታርጂክ» ብለው ለጠፉበት፤ ፈዛዛ፣ ድብርታም ማለት ነው። ልጁ ሳያውቀው ይዞት ቤቱ ገባ። እናቱ የበሽታ ስም መስሏት ነጠላዋን አንስታ ጤና ጣቢያ ልትወስደው ስትል ነው ጎረቤት ያስቆማት።

ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው፣ ከበሩ ወዲህ አማርኛ የለም። ትርጉም ለጠየቀ ወረቀቱ ወደተለጠፈበት ነገር በጣታቸው ይጠቁማሉ፤ አይተህ ድረስበት ነው ነገሩ። ሁለተኛው፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጧ አድርገው አዲስ ቃል ከጠሩ፣ ክፍሉ በሙሉ እስክሪብቶ ያነሳል፣ በአንድ አፍ ይደግመዋል፣ ይጽፈዋል። ይህ ሳያልቅ ማንም ንቅንቅ አይልም።

ቤታችንም በዚህ ትምህርት ተበክሏል። «አባዬ፣ ዛሬ ፊትህ ሜላንኮሊክ ሆኗል» ትለኛለች ልጄ እራት ላይ።

«ስድብ ነው?» ትላለች እናቷ።

«ያዘነ ማለት ነው።»

«ታዲያ ያዘነ አትይውም? አባትሽ እኮ ድሮም እንዲህ ነው።»

እንግዲህ ግድግዳው። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ልጄ ከምትቀመጥበት ወንበር ጀርባ፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከጣሪያው ወደ ታች ወረደች። ቲቸር አይተው እንደ ልማዳቸው ስንጥቋን አሻግረው ወረቀት ለጠፉ፤ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ። «ፍራጃይል» ይላል። ልጄ «እንደ እንቁላል ማለት ነው» አለችን።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ሲከፈት ቃሉ መሃል ለመሃል ተቀዷል።

ልጆቹ «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» እየተባባሉ ሳቁ። ቲቸር አልሳቁም። ወረቀቱን በጣታቸው ዳበስ አድርገው ቆዩና በላዩ ወፍራም ካርቶን ለጠፉ፤ «ፕሪኬሪየስ»። ልጄ ይህን ልታሳየን ብርጭቆ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ግማሹን ወደ ውጭ አድርጋ አስቀመጠች። እናቷ ብርጭቆውን አነሳችው።

ካርቶኑም ተቀደደ። ኋላ የሚቀመጡት ልጆች ትከሻ ላይ ነጭ ብናኝ መውረድ ጀመረ። «ፎረፎርህን አራግፍ» እየተባባሉ ይቀላለዱበታል።

ቲቸር ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄዱ። ዳይሬክተሩ የድሮ ተማሪያቸው ነው። ያን ቀን ልጄ የክፍሉን ጠመኔ ልትወስድ ቢሮው በር ላይ ቆማ ነበርና ሁሉን ሰምታለች።

«ልጆቹን ከዚያ ክፍል አውጣልኝ፣ የኔ ልጅ።»

«የት ላስገባቸው ቲቸር? ግቢው ጢም ብሏል፣ ፈተናው ደርሷል። በዕረፍቱ ግንበኛ ይመጣል።»

«ወረቀቴ እየተቀደደ ነው።»

«አይቻለሁ። የዘንድሮ ልጆች ባለጌዎች ናቸው፤ እኔ እቀጣልዎታለሁ።»

«ልጆቹ አይደሉም። ግድግዳው ነው የሚቀደው።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። «እርስዎ ድሮም ያጋንናሉ። ‹ስታበርን› ብለው ግንባሬ ላይ የለጠፉብኝ ትዝ ይልዎታል? ግትር ብለውኝ?»

«ትዝ ይለኛል» አሉ ቲቸር። «አልለቀቀህም።»

በነጋታው የኋላ ወንበሮችን በሙሉ ወደ ፊት አስጠጉ። ልጆቹ እንደ ክብሪት እንጨት ተደራርበው ተማሩ። ከሰዓት ጽዳቶቹ ታዘው ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መለሱ፤ ሰልፉ ተበላሸ ተብሎ። ቲቸር እንደገና አስጠጉ፣ እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ ስንጥቋ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፉ፤ «ኢሚነንት»። ልጄ ይህንን ስታስረዳን አልቀለደችም። «መጥቶ ደጃፍ ላይ የቆመ ነገር» አለችና በሩን አየች። ሁላችንም በሩን አየን።

አስተማሪ ፊቱ ወደ ተማሪ ነው። ስለዚህ የኋላውን ግድግዳ የሚያዩት ቲቸር ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት፣ አረፍተ ነገር እያስነበቡ ሳለ፣ ወረቀቱ ዓይናቸው እያየ ቀስ ብሎ ከላይ ወደ ታች መተርተር ጀመረ። አሸዋ በጥርስ እንደሚፈጭ ያለ ድምፅ ተሰማ። ቲቸር ጠረጴዛውን ጧ አደረጉና ጮኹ፤ «ኢቫኩዌት!»

ክፍሉ በሙሉ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ኢ-ቫ-ኩ-ዌት» አሉ ልጆቹ በአንድ አፍ፣ አሳምረው። ጻፉትም። አንዱ ጎበዝ እጁን አውጥቶ በእንግሊዝኛ «በሲ ነው በኬ?» ብሎ ጠየቀ።

ቲቸር ወደ በሩ ጠቆሙ። ልጆቹ ዞረው በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ፈለጉ። ልጄ ደብተሯ ላይ ትርጉሙን «በር» ብላ ጽፋለች። ምን ታድርግ? እንዲያ ነው የተማረችው።

ያኔ ቲቸር ቃሉን በአማርኛ ተናገሩት። «ውጡ! ልጆቼ፣ ውጡ!»

በዚያ ክፍል አንድም ቀን ያልተሰማ ድምፅ ነበር። ልጄ «እናቴ የጠራችኝ መሰለኝ» ትላለች። ክፍሉ ወንበር እየገለበጠ ወደ በሩ ጎረፈ። እሷ ግን ከሁሉም ኋላ ነበረች፤ የወደቀ ወንበር መንገዱን ዘጋባት። ቲቸር ያን ሁሉ ጎረምሳ በክርናቸው እየገፉ ወደ ኋላ ገቡ፣ ክንዷን ጨምድደው ይዘው ጎተቷት። የበሩን ደፍ እንደተሻገሩ ከኋላቸው ግድግዳው ተናደ። ከአቧራው ሲወጡ ሁለቱም ዱቄት የተነፋባቸው ይመስሉ ነበር። የቲቸር ቀኝ እጅ፣ የሙጫው እጅ፣ ድንጋይ አግኝቶት ተሰብሯል። ሌላ የተጎዳ የለም።

አሁን ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን በቆርቆሮ ጥላ ስር ያስተምራሉ። እጃቸው ታስሯል፣ አማርኛም እንደገና ተከልክሏል። ዳይሬክተሩ ወላጆችን ሰብስቦ ይቅርታ ጠየቀን፤ የቀረው ሕንፃ ደህና ነው ሲልም አረጋገጠልን። ቲቸር ስብሰባው ሳያልቅ ተነሱ። ቢሮው ገቡና በግራ እጃቸው ከዳይሬክተሩ ወንበር ጀርባ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፉ። ዳይሬክተሩ ተከትሏቸው ገባ።

«ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው ቲቸር?»

በጣታቸው ጠቆሙለትና ወጡ።

ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን ብቻውን እየጎተተ ወደ በሩ ሲያስጠጋ በመስኮት እንዳየችው ነገረችን።

«ወረቀቱስ?» አልኳት።

ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ቀና አላለችም።

«ጫፉ መቀደድ ጀምሯል» አለችኝ።