ሮማን ያለበት ድራም

ራሔል በካርቱም ጀብራ ሰፈር ውስጥ በመጋረጃ ሰፊነት የታወቀች ሴት ናት። የሪያድ ሰፈር ሀብታሞች ቪላቸውን ባሳደሱ ቁጥር ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ልከው ያስመጧታል። እሷም ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መስኮቱን ቃኘት ታደርግና፣ ይሄ ቀለም ክፍሉን ያጨልመዋል ካለች ነገሩ አለቀ፤ የሚከራከራት የለም። ከጎንደር በመተማ በኩል ካርቱም ስትገባ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ይህ ታሪክ ሲጀምር ሃምሳ ስምንት ሞልቷት ነበር። ባሏ ጥላዬ ካረፈም ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ጥላዬ በወጣትነቱ በሆቴሎች ድራም ይመታ ነበር፤ ቤትም ሲገባ ምሳ እስኪቀርብ ጠረጴዛውን በጣቶቹ እየደበደበ ሲያስጨንቃት የኖረ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ዓርብ ልጇ ህሊና እንግዳ ይዛ መጣች። ኦመር የሚባል፣ ለንደን ያደገና ስለ ሙዚቃ የሚጽፍ ሱዳናዊ ነው። የመጣበትን ጉዳይ በዐረብኛ አስረዳት። አንድ ስመ ጥር እንግሊዛዊ የሮክ ድራመኛ ሠላሳ ዓመት የመታው ድራም ለጨረታ ሊቀርብ ነው። ሰውየው ድራሙን ካርቱም ውስጥ ጥላዬ ከሚባል ሐበሻ እንዳገኘው ያስታውሳል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ግን አያውቅም። ኦመርም የሐበሻ ምግብ ቤቶችን አንድ በአንድ ሲጠይቅ ከርሞ ነው ህሊናን ያገኘው። ባለሙያዎቹን የከነከናቸው ደግሞ የድራሙ ልባስ ነበር። ቀይ ሮማን የተሣለበት እንዲህ ያለ ልባስ በየትኛውም ፋብሪካ መዝገብ ውስጥ የለም። አንዱ ለቤተ መንግሥት በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ነው ብሎ ጽፏል።

ፎቶውን በስልኩ አሳያት። ራሔል መነጽሯን አድርጋ ብዙ ካየች በኋላ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

"ኻልቲ፣ ታውቂዋለሽ?" አላት ኦመር፣ በዐረብኛ አክስቴ ብሎ።

"የምሳ ጠረጴዛዬ ልብስ ነው፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ።"

ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። ጥላዬ ድራሙን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1980 አገር ለቆ ከሚሄድ የግሪክ ክበብ ባለቤት ነው። ዕቃው ጥሩ ነበር፤ ግን ግቢ ውስጥ ተጥሎ ከርሞ ልባሱን ፀሐይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንስታዋለች። ጥላዬ ይዞት መድረክ ለመውጣት አፈረ። እሷ በዚያው ሰሞን ለአዲሱ ጠረጴዛቸው ከኦምዱርማን ገበያ የላስቲክ ልብስ ገዝታ ነበር። ጠረጴዛውም ራቁቱን፣ ድራሙም ራቁቱን። ትንሽ አሰበችና ለድራሙ ፈረደች። ብሎኑን ሁሉ ፈታታ፣ ለክታ፣ ቆርጣ፣ በማስቲሽ ለጠፈችው። ጥላዬ ሁለት ቀን አኮረፋት። በሦስተኛው ቀን የሆቴሉ እንግዶች መድረክ ድረስ እየመጡ ሲዳስሱት ግን፣ ባለቤቴ ናት የሠራችው እያለ ያወራ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1983 አዲሱ የሸሪዓ ሕግ መጣና መጠጡም ሙዚቃውም ከየሆቴሉ ጠፋ። ጥላዬ አውቶቡስ መንዳት ያዘ፤ ድራሙ አንሶላ ለብሶ ቤት ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ከጥላዬ ጋር ሊለማመድ የሚመላለስ ወጣት እንግሊዛዊ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። አገሩ ሊመለስ ሲል ድራሙን ስጠኝ አለው። ጥላዬ ገንዘብ አልፈልግም፣ ለሚስቴ የስፌት መኪና አምጣላት አለ። ልጁም የእግር መኪና በአህያ ጋሪ አስጭኖ መጣ። ያን ቀን ራሔል አለቀሰች፤ ለድራሙ ይሁን ለመኪናው ግን ዛሬም አታውቀውም።

ኦመር ማስረጃ እንዳላት በትሕትና ጠየቃት። እሷም ላስቲኩ አልደርስ ብሏት በትልቁ ከበሮ ግርጌ ቁራጭ እንደቀጠለች፣ እዚያ ላይ አንድ ሮማን ተዘቅዝቆ እንደሚገኝ ነገረችው። ኦመር ፎቶውን አጎላው። ሮማኑ ተዘቅዝቋል። ስልኩን አስቀምጦ ግንባሩን አሸ፤ ባለሙያዎቹ ስለዚያች ሮማን ምሥጢራዊ ትርጉም ሦስት ገጽ ጽፈው ነበር።

በሳምንቱ ድራመኛው፣ ያ የድሮው አስተማሪ፣ ራሱ ደወለ። ዐረብኛው ዝጎ ዝጎ ቢሆንም ያግባባል። የጥላዬን ሞት ነገረችው። ጥላዬ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ያን ጊዜ ቆጫት። ከዚያ ሰውየው ድራሙን ከጨረታው እንዳወጣው ነገራት፤ የትንሹ ከበሮ ልባስ ስለተቀደደ ቢልከው እንድታድስለትም ለመናት። የሮማኑ ላስቲክ ከገበያ ከጠፋ ሃያ ዓመት እንዳለፈው ብትነግረው፣ አንቺ የመረጥሽው ይሁን አላት።

ራሔል በማግስቱ ኦምዱርማን ወረደች። ባለሱቁ አበባ ያለበትን ሁሉ ቢዘረጋላትም አልጣማትም፤ ከታች ሎሚ ያለበት ጥቅል ስታይ ግን ጎትታ አወጣችው። ስትመለስ አውቶቡሱ በመኪና ብዛት ድልድዩ ላይ ቆመ። አጠገቧ የተቀመጠች ሱዳናዊት ላስቲኩን በጣቷ እየዳሰሰች፣ ለጠረጴዛ መሆኑን ጠየቀቻት።

"ለድራም ነው" አለች ራሔል።

ሴትየዋ ጥቂት አሰበችና፣ እኔ ግን ለማድ ቤቴ እፈልገዋለሁ፣ ሱቁ በየት በኩል ነው አለቻት።