ሬዲዮ የሚሉት የመጠለያው ሹፌር

ሬዲዮ ያሉት የመናኸሪያ ጓደኞቹ ናቸው። ከዋናው መናኸሪያ እስከ ድንበሯ ከተማ የሕዝብ ሚኒባስ ሲነዳ የዕድሜውን እኩሌታ የፈጀ ሰው ነበር፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ታዲያ አፉ አርፎ አያውቅም። ተሳፋሪው ከሰማው ለተሳፋሪው፣ ካልሰማው ለመሪው ያወራል። የሹመኛ ወሬ፣ የዘፋኝ ትዳር፣ አማቱ ያስቸገረችው ሰው ታሪክ፣ የማይገኝበት አልነበረም። ሚስቱ፣ «የኛ ቤት ሬዲዮ ማጥፊያው ተሰብሯል» ትል ነበር። ስትለው ግን እየሳቀች ነው።

ከዚያ ሥራ ያስወጣው ወገቡ ነው። ሐኪሙ፣ «ወይ ረጅም መንገድ፣ ወይ ወገብ፣ አንዱን ይምረጡ» ሲለው ወገቡን መረጠ። ጥቂት ጊዜ ቤት ተቀምጦ ሚስቱን በወሬ አሳሯን ካበላት በኋላ፣ በደላላ ተታለው ተወስደው የተረፉ ሴቶችን የሚያስጠልል አንድ ድርጅት ሹፌር እንደሚፈልግ ሰማ። ሚስቱ እሱ አስቦ ሳይጨርስ ሸሚዙን ተኩሳ አቀረበችለት።

የመጠለያው ኃላፊ ድሮ ነርስ የነበረች፣ ቁጥብና ቀጥ ያለች ሴት ናት። መንጃ ፈቃዱን አገላብጣ አየችና፣ «እዚህ ሴቶቹን ምን ደረሰባችሁ ብሎ መጠየቅ የለም። ክንድ ይዞ ማሳፈርም የለም። ቤቱ የት እንደሆነ ደግሞ ለማንም አይነገርም፤ ለባለቤትዎም ቢሆን» አለችው።

«እኔን አትናገር ማለት ዓሣን አትዋኝ እንደማለት ነው» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «እንግዲያው ይሞክሩና እንየው» አለች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ እሾህ ወጉት። መናኸሪያ ላይ ጥርስ የማያስከድነው ጨዋታው እዚህ የሚስቅለት አጣ። አንድ ቀን ሦስት ሴቶችን ወደ ክሊኒክ ሲወስድ፣ እንደ ልማዱ መኪናው እንደተንቀሳቀሰ በሮቹን ቆለፈ። ያቺ የመቆለፊያዋ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ስትሰማ አንዷ እሪ አለች። አብራቸው የነበረችው አማካሪ መኪናውን አስቆመችው፤ ሴትዮዋ ወርዳ መንገድ ዳር ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ሬዲዮ መሪውን ጨብጦ ቀረ። ሰው ያስለቀሰው ምኑ እንደሆነ እንኳን ወዲያው አልገባውም።

ነገሩን ያስረዳችው አማካሪዋ ናት። ሴቶቹ በሰው እጅ በነበሩ ጊዜ ወዴት እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚደርሱ፣ በሩ መቼ እንደሚዘጋ የሚነግራቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ለአፉ ሥራ አገኘለት። «አሁን በሩን ልዘጋው ነው፤ አልቆልፈውም። በስተግራ እንታጠፋለን። ይኼ የምታዩት ትልቅ ግንብ ሆስፒታሉ ነው፤ የኛ ክሊኒክ ከጀርባው ነው። ፊት ለፊት ፖሊስ ቆሟል፤ ለሌላ ነው እንጂ ለኛ አይደለም።» እንዲህ እያለ መንገዱን ሁሉ ይተርክላቸዋል። ሴቶቹም ለመዱት። እንዲያውም አንዳንዷ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ምነው ዝም አሉ?» ማለት ጀመረች።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፤ ሰው ማመላለስ። ግን ማመላለሱ ማለቂያ አልነበረውም። አንዲት ሴት ዛሬ ወደ ፖሊስ፣ ነገ ወደ ሐኪም፣ ከነገ ወዲያ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያ መታወቂያ ወደሚያወጣው መሥሪያ ቤት ትሄዳለች። በየበሩ ያንኑ የሆነባትን ነገር ከሥሩ ጀምራ ታወራለች። ሬዲዮ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ስትገባ ደህና የነበረችው ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ሲያይ፣ አትጠይቅ ተብሏልና አይጠይቅም፤ በሩን ብቻ ይከፍትላታል። ኃላፊዋ በዚህ ነገር ከመሥሪያ ቤቶቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ከረመች። በመጨረሻ መርማሪዋ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ሐኪሟና የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛዋ መጠለያው ድረስ መጥተው የእያንዳንዷን ሴት ቃል አንድ ላይ ሆነው፣ አንዴ ብቻ እንዲቀበሉ ተስማሙ። ስምምነቱ በየወሩ ይፈርስ ነበር፤ አንዱ ይቀራል፣ አንዱ አለቃዬ አልፈቀደም ይላል። ኃላፊዋም እየደወለች መልሳ ትሰበስባቸዋለች። ሬዲዮም ሁሉም የተሰበሰቡ ዕለት የሚያመላልሰው ስለሌለ ጎማ እያጠበ ይውላል፤ ደስ ብሎት።

አንዲት ልጅ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ፖሊሶች ከድንበሯ ከተማ፣ ከአንድ የተዘጋ ቤት፣ ከሌሎች ጋር አግኝተዋት አመጧት። የሬዲዮ የመጨረሻ ልጅ እኩያ ትሆናለች። መጠለያው ውስጥ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ስትጠየቅም ትመልሳለች። ወደ ክሊኒክ ልትሄድ ከግቢው ስትወጣ ግን የሬዲዮን ሚኒባስ አየችና ከቆመችበት ንቅንቅ አልልም አለች። አልጮኸችም፤ እግሯ ብቻ እንቢ አለ።

ኃላፊዋ አጠገቧ ሄዳ ቀስ ብላ ስታናግራት ቆየችና ወደ ሬዲዮ መጣች። «የወሰዳት መኪናም ነጭ ነበር፤ መጋረጃ ነበረው ትላለች» አለችው።

ሬዲዮ መኪናውን ዞር ብሎ አየው። ነጭ ነው። መጋረጃ አለው፤ ሴቶቹን መንገደኛ እንዳያያቸው ተብሎ የተሰቀለ ነው።

«ክሊኒኩ እኮ ሩቅ አይደለም» አለ። «በእግር እንሂድ። እናንተ ከፊት ሁኑ፣ እኔ ከኋላ ራቅ ብዬ እከተላለሁ።»

«ወገብዎስ?»

«ወገቤን እኔ ልወቅበት።»

እንደዚያው ሄዱ። ተመልሰውም በእግራቸው መጡ። ማታ ሚስቱ ወገቡን ስታሽለት፣ «መኪና ንዳ ብለን ስንቀጥርህ እግረኛ ሆንክ?» አለችው። እሱም ምክንያቱን መናገር ስለማይችል እንደ ግድግዳ ዝም አለ፤ እሷም ደንግጣ ግንባሩን ዳሰሰችው። በሚቀጥለው ሳምንት መጋረጃዎቹ ወርደው መስተዋቱ ጥቁር ወረቀት ተለጠፈበት፤ ልጅቷም ጋቢና ከአማካሪዋ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ መስኮቱን እስከ ታች ከፍታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፈረች።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ሬዲዮ ቤቱ ጋዜጣ ሲያገላብጥ፣ ሚዜው በሩን አንኳኳ። ይህ ሰው ለሬዲዮ ዝም ብሎ ጓደኛ አይደለም። መንዳት አብሮት የተማረ፣ በአንድ መናኸሪያ አብሮት ያረጀ፣ ሠርጉ ላይ ከጎኑ የቆመ ነው። የሬዲዮ የመጨረሻ ልጅ ስትወለድ፣ ምጥ የያዛትን እናቷን ተሳፋሪ አስወርዶ ወደ ሆስፒታል ያደረሳትም እሱ ነው። ብርቱካን በከረጢት ይዞ ገባ። ስለ ወገብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ አወሩ። ሚስት ሻይ ልታፈላ ወደ ጓዳ ገባች።

«ስማ እንጂ» አለ ሚዜው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚያ የምትሠራበት ቤት አንዲት ልጅ አለች አሉ። በሷ ጉዳይ ደላላ ነው ተብሎ የታሰረው ሰውዬ የሚስቴ አጎት ልጅ ነው። እናቱ አልጋ ላይ ወድቀዋል። ቤተሰቡ ልጅቷን አንዴ ሊያናግራት ነው የሚፈልገው፤ ይቅርታ ሊጠይቅ፣ ሊክስ። ቤቱ የት እንደሆነ ብቻ ንገረኝ፤ ሌላ ምንም አልልህም።»

ሬዲዮ እንደመሳቅ አለ። «የት ቤት? እኔ የድርጅት ዕቃ ነው የማመላልሰው።»

«ተው እንጂ! ከኔ ትደብቃለህ? ቀጭኗን፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያለባትን ነው የምልህ።»

«ጠባሳዋን በምን አወቅህ?»

«ስትሳፈር አይቻት ነዋ! መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ...»

ቃሉን አልጨረሰውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሬዲዮ ጋዜጣውን አጠፈና ሚዜውን ቀና ብሎ አየው።

«ሰው ጫን ሲሉኝ ጫንኩ» አለ ሚዜው እየተነሣ። «ሹፌር ነኝ። አንተስ ስንቱን ጭነሃል፣ ወዴት ትሄዳለህ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ሻዩ ሳይመጣ ወጣ። ሚስት ትሪውን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«እንጃ።»

«ያን ቀን እሱ ባይደርስልን እኔም ልጃችንም የለንም።» ትሪውን አስቀመጠችና ተቀመጠች። ሻዩን እየቀዳች፣ «የዚያችም ልጅ እናት ግን አምጣ ነው የወለደቻት» አለች።

ጠዋት ሬዲዮ ከማንም በፊት ኃላፊዋ ቢሮ ደረሰ። የሆነውን እንዳለ ነገራት። እንዳሰበው አላመሰገነችውም፤ እንደ ፈራውም አልተቆጣችም። ስልኩን አንሥታ መርማሪዋን ጠራች። መርማሪዋ ስትመጣ የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ጋሼ፣ ለጊዜው ልጅቷን እርስዎ አይነዷትም» የሚል ነበር።

ፊቱ በርበሬ መሰለ። «እኔን ነው የምትጠረጥሩት? ራሴ መጥቼ ነግሬ?»

«እርስዎን አይደለም። መኪናውን ያውቁታል፤ እርስዎንም ያውቁዎታል። ከኋላዎ ቢከተሉ ቤቱ ድረስ ይዘዋቸው ይመጣሉ።»

እውነቷን ነው፤ ቢሆንም አንጀቱ አረረ። ለሳምንታት ሌላ መኪና፣ ሌላ ሹፌር ልጅቷን አመላለሰ። ሬዲዮ አትክልትና ሳሙና ሲገዛ ዋለ።

ሚዜውን ግን ሊተወው አልቻለም። መርማሪዋን አንዴ ላናግረው ብሎ ለመናት፤ እሷም፣ ስለ ልጅቷም ሆነ ስለ ምርመራው አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ፣ ምንም ቃል እንዳይገባም አስጠንቅቃው ፈቀደችለት። «ሳንይዘው ራሱ ቢመጣ ሕጉ ያይለታል። ይኼን ብቻ ይንገሩት» አለችው። መናኸሪያ ሄዶ ሚዜው ተራ እስኪደርሰው በሚጠብቅበት መኪና ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። ቀትር ነበር፤ ረዳቶቹ የከተማ ስም እየጠሩ ይጮኻሉ።

«አላወቅኩም ነበር» አለ ሚዜው ሳይጠየቅ። «ሰውየው ለሥራ ነው የሚሄዱት ብሎኝ ነው።»

«መጋረጃውን ማን ዘጋው?»

ሚዜው መሪውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ።

«እኔና አንተ በዚህ መንገድ ስንት ዘመን ነዳን። ለፀሐይ ብለን መጋረጃ ዘግተን እናውቃለን። ያን ቀን ለምን ዘጋኸው?»

«ውረድልኝ» አለ ሚዜው። «ከመኪናዬ ውረድ። አንተ ጆሮ ጠቢ!»

ወረደ። ራሱ ቢሄድ ሕጉ እንደሚያይለት በመስኮቱ ነግሮት ሄደ። መናኸሪያውን አቋርጦ ሲወጣ ሁለት የድሮ ባልደረቦቹ ሰላምታውን አልመለሱለትም፤ ወሬ ከሱም ይፈጥናል።

ሚዜው ከሚስቱ ጋር ፖሊስ ጣቢያ የሄደው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነው። ማን እንዳስጫነው፣ የት እንዳወረዳቸው፣ ከዚያ በፊትም ሌሎችን እንደወሰደ ተናገረ። ከልቡ ይሁን ከፍርሃት፣ ሬዲዮ እስከ ዛሬ አያውቅም። በሱ ቃልና በልጅቷ ምስክርነት ደላላው ረጅም እስር ተፈረደበት። ልጅቷ የመሰከረችው ከሌላ ክፍል ሆና በካሜራ ነበር፤ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ተናግራ ስትጨርስ ግን ሽንት ቤት ገብታ አስመለሳት። ሚዜውም ምሕረት አላገኘም፤ ከደላላው ያነሰ ቢሆንም ተፈረደበት፣ መንጃ ፈቃዱንም ተቀማ። የሚዜው ሚስት የሬዲዮን ሚስት መንገድ ላይ ስታይ ወደ ማዶ ትሻገራለች። ሁለቱ እንደ እኅትማማች ነበሩ። ሬዲዮ ሚስቱ ስለዚህ ስታለቅስ አንድ ቀን አገኛት፤ «ትክክል አላደረግህም አላልኩህም፤ ናፈቀችኝ ነው ያልኩህ» አለችው።

ከፍርዱ በኋላ ኃላፊዋና መርማሪዋ መናኸሪያው ውስጥ ሹፌሮቹንና ረዳቶቹን ሰብስበው ሊያነጋግሩ አሰቡ። የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ግማሹም ለነፃው ለስላሳ ነው የመጣው። ሬዲዮ ተናገር ተባለ። ያ ወሬኛው ሰው ሰብሰብ ያለ ነገር መናገር አቅቶት ከርዕስ ወደ ርዕስ ሲዘል ቆየ፤ ከኋላ አንዱ፣ «ጣቢያ ቀይር!» ብሎ አሳቀበት። ቢሆንም ቲኬት ቆራጯ ጥርጣሬ ሲኖር የሚደወልበትን ስልክ ቁጥር መስኮቷ ላይ ለጠፈችው። አንድ ሰላምታ ነፍጎት የነበረ ሹፌር ደወለ፤ አብረውት የሚሄዱትን ልጃገረዶች ስልክና መታወቂያ ሰብስቦ በኪሱ የያዘ ሰው መኪናዬ ላይ ተሳፍሯል አለ። ልክ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ የወንድሙን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚወስድ ደህና ሰው ጠቁመው ከሰዓቱን ሙሉ ጣቢያ አስቀመጡት። ሬዲዮ ከመርማሪዋ ጋር ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው። ሰውየው በሩን በፊታቸው ዘጋው፤ አልፈረዱበትም።

ልጅቷ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ ለደላላው አሳልፋ የሰጠቻት እንጀራ እናቷ እዚያው ናት። ሌላ ከተማ ያለች ታላቅ እኅቷ ተገኘች፤ የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛዋ ቤቱን አይታ፣ ከእኅትየዋ ባልም ጋር ተነጋግራ፣ ይሁን አለች። አሁን እዚያ ዳቦ ቤት ትሠራለች፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ትማራለች። አንዳንድ ወር ደህና ናት፤ አንዳንድ ወር ከአልጋ መነሣት ያቅታታል፣ ያን ጊዜ አማካሪዋ ሄዳ ታያታለች።

ሚዜው ከወኅኒ ሲወጣ ጎማ መጠገኛ ከፈተ መባሉን ሬዲዮ ሰማ፤ አልሄደም። ባለፈው ግን ሆስፒታል መድኃኒት ሊቀበል ተራ ሲጠብቅ፣ ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ሰው ተቀመጠ፤ ቀና ሲል ሚዜው ነው። ፀጉሩ ሸብቷል።

«ወገብህ እንዴት ነው?» አለ ሚዜው ወደ ፊት እያየ።

«ያው ነው። አንተስ ምንህን ነው?»

«ስኳር አሉኝ።»

ወደ ድንበሯ ከተማ ስለሚወስደው አዲሱ መንገድ አወሩ፤ ዳገቱን ቆርጠው ጠመዝማዛውን አቀኑት አሉ። ሁለቱም አላዩትም። የሚዜው ስም ቀድሞ ተጠራ፤ ተነሥቶ መድኃኒቱን ተቀበለና ለሬዲዮ ራሱን ነቅነቅ አድርጎለት ወጣ። ሬዲዮ ማታ ለሚስቱ ነገራት። «ምን አለህ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችው፤ የተባባሉትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገራት። እሷም በማግሥቱ ለሚዜው ሚስት ልደውል አልደውል ስትል ውላ፣ ወደ ማምሻው ላይ ደወለች። ስልኩ ተነሣ።