«ዓርብ ትወጣላችሁ»

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት እኔ ካውያ ላይ ነኝ፤ አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ። አፌ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ይሉኛል። አዲሷ ሠራተኛ ስትመጣ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስም ወጣላት፤ ኮቴዋ ስለማይሰማ «ድመቷ» አልናት። ዘወር ስል ከኋላዬ ቆማ እያገኘኋት ስንቴ ክው ብያለሁ። በኋላ እንደገባኝ ግን ድመትነቱ የተፈጥሮዋ አልነበረም። ከልጇ ጋር ሰው ሳያያቸው የሚያድሩበትን ጥግ ሲፈልጉ የተማረችው አረማመድ ነው።

ባሏ ከሞተ በኋላ የቤት ኪራዩ አቃታት። አከራይዋም አንድ ቀን ዕቃዋን ደጅ ወርውሮ ቁልፉን ለወጠ። ከዚያ ወዲያ ያልተጠጋችበት የለም፦ የዘመድ ሳሎን፣ የሱቅ በረንዳ፣ የአውቶቡስ መጠበቂያ፣ መጨረሻ ላይ የመጠለያው አዳራሽ። ከየቦታው ስትባረር ኖራ ለራሷ አንድ ሕግ አወጣች። «ውጡ» ከተባለ፣ የሚያስወጣው ሰው ሳይደርስ ቀድሞ መውጣት። ልጇ ዕቃቸው ሲወረወር ሁለተኛ ማየት የለባትም። ክርክር የለ፣ ልመና የለ፣ ለምን ብሎ መጠየቅም የለ።

ከመጠለያው ያነሳቻት አገናኟ ናት። እኔ «አገናኝ» ሲሉኝ የትዳር ደላላ መስላኝ «ለእኔም አንድ ፈልጊልኝ» ብያት ነበር። ለካ ሥራዋ ቤት ያጡ ቤተሰቦችን ከኪራይ ቤት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከሐኪም፣ ከሥራ ጋር ማገናኘት ኖሯል። ለድመቷም አንዲት ክፍል አገኘችላት፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት አስገባቻት፣ እናትየውን የማጠቢያ ማሽን ሥልጠና አስጨርሳ ወደ እኛ ላከቻት። የገባችው ለሙከራ ነው። አለቃችን ከወደደቻት ቋሚ ትሆናለች፤ ካልወደደቻት ግን ሥራውም ክፍሉም አብረው መሄዳቸው ነው፤ ያለ ደሞዝ ኪራይ ከየት ይመጣል?

እንዴት እንደምትፈራ ልንገራችሁ። የማሽኑ ደወል በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። አለቃችን ስትጠራት ከንፈሯ ይደርቃል። ቤቷ ደግሞ የባሰ ነው፤ ግድግዳው ላይ አንዲት ሚስማር አልመታችም፣ ልጇ ከሳቀች «ቀስ» ትላታለች፣ ደረጃው ላይ ኮቴ ከተሰማ የጎረሰችውን ማላመጥ ትተዋለች። አንዴ «ቤቱን ሰርቀሽው ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም፤ የእውነት የጠየቅኋት መስሏት «ኧረ አልሰረቅሁም» አለችኝ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ አገናኟ ደወለች። መንገድ ላይ ስለነበረች ስልኩ ይቆራረጣል። ድመቷ የሰማችው ይህን ያህል ብቻ ነው፦ «ተወስኗል። ዓርብ ትወጣላችሁ። እኔ ራሴ እመጣለሁ።» «እሺ» ብላ ዘጋች። ፊቷ አመድ መሰለ። ምነው ብላት «ምንም» አለችኝ። የዚያን ቀን የትራስ ልብስ ስታጥፍ ጠርዙ አልገጥም እያላት ደጋግማ ፈታችው።

በአገናኞቹ ቢሮ ቋንቋ «መውጣት» ማለት እንደ መመረቅ ነው። ቤተሰቡ ራሱን ቻለ፣ ከእርዳታው ወጣ ይባላል፤ ይጨበጨባል። ቢሮ የሚቀመጥ ሰው ቃል ሲመርጥ ጆሮ ያለው አይመስለኝም። ደጅ ላደረ ሰው «ትወጣላችሁ» ከተባለ ሌላ ምን ሊመስለው ነው? እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ዓርብ ማለዳ ክፍሉን ጠርጋ፣ ቁልፉን መስኮቱ ላይ ትታ፣ ልጇን ይዛ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም፤ መጠለያው አንዴ የሸኘውን አይመልስም። ግን የሥራ ሽርጡ የሆስፒታሉ ነው፤ ሌባ እንዳትባል ልትመልስ ወደ እኛ መጣች። አጣጥፋ ለአለቃችን ዘረጋችላት። አለቃችን ግንባሯ የማይፈታ ሴት ናት። ዛሬ ፈረቃሽ አይደለም ወይ፣ ይሄ ምንድን ነው ብትላት ድመቷ ሽርጡን ገፋ አደረገችላት። ለዚያች ቦታ ደጅ የሚጠና ሰው ሞልቷል፤ ከበሩ ከወጣች እንዳበቃላት አወቅሁ።

በዚህ መሃል ግቢው ውስጥ ታክሲ ቆመ። አገናኟ ክፍሉን ባዶ፣ ቁልፉንም መስኮቱ ላይ አግኝታ እየበረረች መምጣቷ ነው። ድመቷ በመስኮት አየቻት፤ ልጇን ጎትታ የንጹሕ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገባችና መቀርቀሪያውን ዘጋች። የሚያስወጣት ሰው እስከ ሥራ ቦታዋ ተከትሎ የመጣባት ነው የመሰላት። ጆሮዬን በሩ ላይ ብለጥፍ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ያ ክፍል መስኮት የለውም። እኔም ፈራሁ።

አገናኟ በሩን አንኳኳች። «እህቴ፣ እኔ ነኝ። ውጪ።»

መቀርቀሪያው አልተነሳም።

«ግድ የለም፣ ውጪ።»

ከውስጥ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ነገሩ ገና ባይገባኝም ትዕግሥቴ አለቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ከዚህ ቃል ሌላ አታውቂም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ረቡዕ በስልክ ያለችው ያኔ ነው ትዝ ያላት፤ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እርጥቡ ወለል ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«እሺ፣ አትውጪ። እዚያው ሁኚ። ከቤትሽ ማንም አያስወጣሽም። አለቃሽ ቋሚ ላደርጋት ነው ስላለችኝ የክፍሉን የኪራይ ውል ከቢሯችን ወደ አንቺ ስም አዛወርነው። ትወጣላችሁ ያልኩሽ ከእኛ እርዳታ ነው። ራስሽን ቻልሽ ማለቴ ነበር።»

የድመቷ ድምፅ ከበሩ ሥር መጣ። «ቤቱ ሰው አልገባበትም?»

«ማንም አልገባበትም። ቁልፍሽ ይኸው።» በበሩ ሥር አንሸራተተችላት። ቁልፉ ከወለሉ ሲነሳ ሰማን።

«ከእርዳታው ወጣን ማለት፣» አለች ድመቷ፣ «ከእንግዲህ እርስዎ አይመጡም ማለት ነው?»

አገናኟ መዋሸት አልሆነላትም። «ለሥራ አልመጣም። ሌሎች ቤተሰቦች አሉብኝ።»

«ታዲያ ያው መባረር ነው።» ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ የሚያውቁትን ነገር እንደመናገር ነበር።

ነገሩን የቆረጠችው አለቃችን ናት።

«እኔ ከዚህ የትም አልሄድም» አለች፣ በሩን እያየች። «ማሽኑ ሞልቶ ቆሟል። ልጅቷ ሬዲዮ ዘንድ ትቀመጥ፣ አንቺ ሥራሽን ጀምሪ።»

መቀርቀሪያው ተነሳ። ድመቷ ማንንም ሳታይ አልፋ ሽርጡን መልሳ ለበሰች፤ የጀርባውን ክር ማሰር ግን አቃታት፣ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። እኔ ያዝኩላት። ክሩን ስስብ ጀርባዋ በእጄ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ሁሉም ነገር ደኅና መሆኑ ከተነገራትም በኋላ አላቆመም።

«ጠበቀብሽ?» አልኳት።

«አጥብቂው» አለችኝ። «እንዳይፈታ።»