ባዶ የማይመለስ ምሳ ዕቃ

ኡሙሀኒ ጳውሎስ ሆስፒታል አጥር ሥር ለአስታማሚዎች ምግብ ስትሸጥ አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። አስታማሚ ብዙ አያስቸግርም። ትኩስ ይሁንለት እንጂ በልቶ ይሄዳል። በማግስቱ ካልመጣ ወይ በሽተኛው ድኗል ወይ ሞቷል፤ የትኛው እንደሆነ እሷም አትጠይቅም። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ሸራዋ ሲነሳ ብዙ አላለችም። ሁለቱን ትልልቅ ድስቶቿን በጋሪ አስጭና ቤቷ ገባች። ባሏ ሞቷል፤ ልጇ ኢምራንም አግብቶ ወጥቷል። ድስቶቹ ለአንድ ሰው ትልቅ ነበሩ።

ከእሷ በሦስተኛው ቤት እማማ ሾዴ ይኖራሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከወደቁ ወዲህ አንድ እግራቸው አይታዘዝም። ኡሙሀኒ አንድ ቀን ልትጠይቃቸው ገብታ ምን በሉ ብትላቸው፣ «ዳቦ በሻይ» አሉ።

«ትናንትስ?»

«ሻይ።»

ወጥታ ትልቁን ድስት ጣደች።

አገልግሎቱ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከጤና ጣቢያ እየመጣች ሰፈሩን የምታየው ሃዊ በኋላ ቅጽ ላይ ስትሞላው «ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የተመጣጠነ ምግብ አቅርቦት» ብላ ጻፈችው። ኡሙሀኒ ግን «ምሳው» ነው የምትለው። በሁለት ወር ውስጥ ተመጋቢዎቹ ሰባት ሆኑ። ዓይነ ስውሩ ጋሽ ዋቅጋሪ አሉበት፤ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደው ዓለሜም አለችበት። ባለሱቁ ሸፊ ምስርና ዘይት ሰጠ። እድሩ ባለ ሁለት ደርብ ሰባት ምሳ ዕቃ ገዛ። ሃዊ ደግሞ ጾም ባልሆነ ቀን እንቁላል፣ በየቀኑ ጎመን ወይም ካሮት ይኑርበት አለች፤ በየወሩም ሚዛን ይዛ እየመጣች ሁሉንም ትመዝናለች።

ሥጋ አይኖርም ብላ የወሰነችው ኡሙሀኒ ናት። ከሰባቱ አራቱ ክርስቲያን፣ ሦስቱ ሙስሊም ናቸው። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ምስር ግን ማንም አያርደውም።

ስድስት ሰዓት ላይ ታደርሳለች፣ አሥር ሰዓት ላይ ዕቃዋን ትሰበስባለች። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ዕቃዎቹ ታጥበው ይመለሱ ነበር፤ ባዶ ግን አልነበሩም። በአንዱ ቆሎ፣ በአንዱ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ በእማማ ሾዴ ስኳር ይገኛል። ከእሳቸው ሦስት ቀን የተቀቀለ እንቁላልም ተመልሶ መጥቷል፤ ጾም መስሏቸው ይሆናል ብላ ራሷ በላችው። ስኳሩን በባልዲ አጠራቀመች። በሽንኩርቱ ወጥ ሠርታ ለባለቤቶቹ መልሳ ላከችላቸው። ምሳው እንደተወደደ ገባት፤ ትንሽ ደስም አላት።

ወሩ ሲሞላ ሃዊ ሚዛኗን ይዛ መጣች። እማማ ሾዴ አርባ አንድ ኪሎ ነበሩ። አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ሆኑ።

«ምሳው ይደርሳቸዋል?» አለች ሃዊ።

«በእጄ ነው የማደርሰው» አለች ኡሙሀኒ።

የእማማ ሾዴ የእህት ልጅ ቤዛዊት ከሸጎሌ መጥታ እዚያው ቆማ ነበር። «በምሳ ከሳች ማለት ነው» አለች። «በሚቀጥለው ወር እንዲሁ ከሆነች እኔ ጋ እወስዳታለሁ።»

እማማ ሾዴ መሬት መሬቱን አዩ። ቤዛዊትን አይጠሉም፤ ሸጎሌንም አይጠሉም። ግን ቤታቸው የቀበሌ ነው፤ ሰው ከወጣበት ለሌላ ይሰጣል። አርባ አንድ ዓመት ኖረውበታል። ሸጎሌ ከሄዱ መመለስ እንደሌለ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ቤዛዊት ስትወጣ፣ «ኡሙ፣ እንዳትወስደኝ» አሉ።

ነገሩን የፈታችው ጥግ ላይ ኪዮስክ ያላት ሶፍያ ናት። ኡሙሀኒ ሳሙና ልትገዛ ብትሄድ፣ «እማማ ሾዴ እኮ ወተት ተዉ» አለቻት። «በወተቱ ፋንታ በየቀኑ ስኳር ነው የሚያስገዙት። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ሻይ የሚጠጡት ያለ ስኳር ነው።»

ኡሙሀኒ ስኳሩ የት እንዳለ ታውቃለች። ሳሙናውን ሳትይዝ ተመለሰች።

«እማማ፣ ስኳሩን ለኔ ብለው ነው የሚገዙት?»

«ላንቺ አይደለም። ለዕቃው ነው።»

«ዕቃው ስኳር አይበላም።»

«የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል? እናትሽ ባዶ ዕቃ ትመልስ ነበር?»

ኡሙሀኒ እናቷን አሰበች። እናቷ የጎረቤት ሳህን ስትመልስ ሌላ ከጠፋ አንድ ጭብጥ ጨው ታደርግበት ነበር።

«አትመልስም ነበር።»

«እንግዲህ።»

«እንቁላሉስ?»

«እሱን ከስተሽ ስላየሁሽ ነው።»

ኡሙሀኒ የቀሩትን ስድስቱንም ዞራ ጠየቀች። ሁሉም ያው ናቸው። ዓለሜ ቁርሷን ትታ ነው ቆሎ የምትገዛው። ምሳ እየመጣላቸው ቁርስና እራታቸውን በምሳ ዕቃው ይመልሳሉ። በማግስቱ ለሰባቱም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳትመልሱ» አለቻቸው። ጋሽ ዋቅጋሪ ምሳቸውን ሳይነኩት ዕቃውን ወደ በሩ ገፉት።

«እኔ ለማኝ ነኝ?»

«ማን ለማኝ አለዎት፣ ጋሼ?»

«አንቺ። አሁን።»

ሁለት ቀን አልበሉም። በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ ተቀበሏት፤ ዕቃውም ሎሚ ይዞ ተመለሰ።

ቀጥላ ምግቡን በፌስታል አደረገችው። ፌስታል ይጣላል፤ የሚመለስ ነገር የለውም። እማማ ሾዴ ፌስታሉን አጥበው፣ አድርቀው፣ ጨው ቋጥረውበት መለሱ። ኡሙሀኒ ጨዉን ባልዲው አጠገብ አስቀመጠችና ተቀመጠች። የመመዘኛው ቀን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ተቀምጣም ቢሆን ሥራ አይቀርላትም። የነገውን ምስር ሰፌድ ላይ ዘርግታ መልቀም ጀመረች። ሸፊ የሚሰጠው ምስር ድንጋይ አለው፤ የሰባት ሰው ምስር ለመልቀም ከሰዓት በኋላው ሙሉ ይሄዳል። ወገቧን አመማት። በዚህ ሰዓት ሰባት ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል ብላ አሰበች። ይህን ያሰበችው ከብስጭት ነው፤ ሌላው ሐሳብ የመጣው ቆይቶ ነው።

በማግስቱ ምሳ ዕቃዎቹን መልሳ አወጣች። በታችኛው ደርብ ምሳውን፣ በላይኛው ያልተለቀመ ምስር አደረገች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ እማማ ሾዴ።

«ምስር ነው። ለነገ ይልቀሙልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

«በምን?»

«ሰባት ሰው እያየ።»

እማማ ሾዴ ምስሩን በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። «ይሄን ሁሉ ድንጋይ ብቻሽን ነበር የምትለቅሚው?» አሉ።

አሥር ሰዓት ላይ ዕቃው ታጥቦ ተመለሰ። የላይኛው ደርብ የተለቀመ ምስር ነበረው። ስኳር አልነበረበትም። ድንጋዮቹ ለብቻ በወረቀት ተጠቅልለዋል። «ይሄን ለሸፊ ስጪው፤ ሚዛን ላይ የተቆጠረ ንብረቱ ነው» አሉ እማማ ሾዴ። ለጋሽ ዋቅጋሪ ነጭ ሽንኩርት ላከች፤ በዳሰሳ ልጠው ዓይን ካለው ሰው የተሻለ አድርገው መለሱት። «ልጣጩን ደጅ ጥዬዋለሁ፤ ካየሽው ጥረጊው፣ እኔ አላየሁትም» አሏት። ዓለሜ የምለቅመው ምስር አነሰኝ ብላ ተቆጣች።

እማማ ሾዴ ወተት እንደገና መግዛት ጀምረዋል ስትል ሶፍያ ነገረቻት። ኡሙሀኒ ሰምታ ሳሙናዋን ገዛች።

ሃዊ ስትመጣ ቤዛዊት ቀድማ ደርሳለች፤ ልብስ መክተቻ ትልቅ ሻንጣም ይዛለች። እማማ ሾዴ ግድግዳ ተደግፈው ሚዛኑ ላይ ወጡ።

«እጅዎን ከግድግዳው ያንሱ፣ እማማ» አለች ሃዊ።

«እወድቃለሁ።»

«እኔ አለሁ።»

እጃቸውን አነሱ። ሃዊ ጎንበስ ብላ አየች። «አርባ ከስምንት መቶ ግራም።»

«ጋቢ ለብሳለች» አለች ቤዛዊት።

ጋቢው ወለቀ። አርባ ከአንድ መቶ።

«ከመጀመሪያው አሁንም ያንሳል» አለች ቤዛዊት።

«ካለፈው ይበልጣል» አለች ሃዊ። ቅጹ ላይ ጻፈችው።

ቤዛዊት ሻንጣውን አየች፤ አክስቷን አየች። እማማ ሾዴ ሚዛኑ ላይ እንደቆሙ ናቸው፤ ይውረዱ ያላቸው የለም።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ወር ደግሞ ልይ።»

ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ሃዊ እማማን ደግፋ አውርዳ ሚዛኗን አጠፈች፤ ዓለሜ ጋ ልትሄድ ነው። እማማ ሾዴ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ጋቢያቸውን መልሰው ለበሱ። ቤቱን ዙሪያውን አዩት፤ ምንም የተለየ ነገር የለውም።

«ነገ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሽሮ» አለች ኡሙሀኒ።

«ሽሮ ምኑ ይለቀማል?»

ኡሙሀኒ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ምስር በየቀኑ ሲበላ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ጋሽ ዋቅጋሪ ትናንት አጉረምርመዋል።

«እንግዲያው ምስር ይሁን» አለች።