ከላዩ የተጻፈው

ቆራጩን ያወቅኩት ልብስ ፋብሪካው ካውያ ቤት ስገባ ነው። ስፌት ክፍሉ ሲጮህ ይውላል፤ መቁረጫ ክፍሉ ግን ዝም ያለ ነው። ጨርቁ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደራርቦ ይነጠፋል፣ ከላዩ ንድፉ ያለበት ወረቀት ይደረጋል፣ ከዚያ እሱ የኤሌክትሪክ ቢላውን ይዞ መስመሩን እየተከተለ ይሄዳል። እጁ ትንሽ ከሳተ የሚበላሸው አንድ ሸሚዝ ሳይሆን የተነጠፈው ሁሉ ነው። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ወሬ አይወድም። ከሥራ ውጭም ያው ነው። እኛ ካውያ ቤት ያለነው ደግሞ እንፋሎትና ወሬ አይለየንም፤ ለዚህ ይሆናል ምሳውን ሲጨርስ እኛ ዘንድ እየመጣ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚወደው። የሚሰማ እንጂ የሚያወራ አልነበረም። አሁን የምተርከውን ሁሉ የነገረኝ በኋላ፣ ነገሩ ከተበላሸ ወዲያ ነው።

ሚስቱ ስፌት ክፍል ኮሌታ ትሰፋ ነበር። ተጫዋች፣ በሰው ስም ዘፈን የምታወጣ ሴት ነበረች። ኩላሊቷ ታመመና ሥራ አቆመች። እናቷ ሊያስታምሟት መጥተው እዚያው ቀሩ። እሳቸው ያጥቧታል፣ እሱ ያነሳታል፣ እሳቸው ይመግቧታል፣ እሱ ጀርባዋን ደግፎ ይይዛታል። አልጋዋን ወደ መስኮቱ ያስጠጉት እሷ አስጠጉልኝ ስላለች ነው፤ ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመንገዱ ጫፍ ጀምራ ልታያት።

ልጅቷ ትንሽ ነበረች። ዘመዱም ጎረቤቱም «ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይይ፤ ሌላ ቤት ትክረም» ይል ነበር። ሚስትየው እምቢ አለች።

«ትቅረብ» አለች። «ከሩቅ ካየችኝ በሽተኛ ነኝ፤ ከቅርብ ካየችኝ እናቷ ነኝ።»

ልጅቷም አልጋው ላይ ወጥታ የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ የእናቷን ፀጉር እያበጠረች፣ እስከ መጨረሻው አጠገቧ ሆነች።

ሚስቱ ካረፈች ከዓመታት በኋላ ልጅቷ እራት ላይ «አባዬ፣ የእማዬ ድምፅ ቀጭን ነበር ወፍራም?» አለችው። አላስታወሰውም። መጻፍ የጀመረው ያኔ ነው። ምሳ ሰዓት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ እየተቀመጠ ይጽፋል። የራሴ ታሪክ ነው ብሎ ለመጻፍ ስላፈረ ባልየውን አናጢ አደረገው፣ ስማቸውን ለወጠው፣ ልብ ወለድ ነው አለ። ሌላው ሁሉ የነበረው ነው። ርዕሱን «በመስኮቱ በኩል» አለው። ከዚህ የተሻለ ስም ሊኖረው ይችላል ብሎም አላሰበም።

አሳታሚው ቢሮው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በላይ ነው። ጽሑፉን ካነበበ በኋላ አስጠራው።

«ውስጡ አንጀት ይበላል» አለው። «እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ አልቅሻለሁ። ርዕሱ ግን አይሆንም።»

«ለምን?»

«በመስኮቱ በኩል ምን አለ? መጋረጃ ነው? ጎረቤት ነው? ጌታዬ፣ ሰው መደርደሪያ ፊት የሚቆመው ለአፍታ ነው። በዚያች አፍታ ካልያዝኩት አመለጠኝ።»

«አንብቦ ሲጨርስ ይገባዋል።»

«ሳይጀምር እንዴት ይጨርሳል?»

አሳታሚው ብጣሽ ወረቀት አነሳና በትልልቁ ጽፎ አዞረለት። «ሚስቴን ማን ገደላት?» ይላል።

«ማንም አልገደላትም» አለ ቆራጩ። «ታማ ነው የሞተችው።»

«አውቃለሁ። ታዲያ እኔስ ተገደለች አልኩ? ጠየቅኩ እንጂ። በሽታስ አይገድልም?»

ነገሩ ፀጉር ስንጠቃ መሆኑን ቆራጩ አውቆታል። ግን ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና «ይነበብልኛል?» አለ።

«በዚህ ርዕስ? እጅ በእጅ ነው የሚያልቀው።»

ተስማማ። ሲነግረኝ አልተከላከለም፤ እንዲህ ያለች ሴት እንደነበረች ሰው እንዲያውቅልኝ ፈለግኩ አለኝ፣ በቃ። ሽፋኑ ላይ ከአልጋ ወደ መሬት የተንጠለጠለ የሴት እጅና ደም የመሰለ ቀይ መጋረጃ ተሳለበት።

አሳታሚው አልዋሸም። መጽሐፉ ተነጠቀ። አውቶቡስ ውስጥ አየሁት፣ ፀጉር ቤት አየሁት፣ የበራችን ጥበቃ ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ ሲያነበው ያዝኩት። በሰው አልፈርድም፤ እኔ ራሴ ርዕሱ ፍቅር ፍቅር የሚሸት መጽሐፍ ገዝቼ ስለ አንድ ሽማግሌና ስለ አህያው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አህያው ደግ ነበር፤ ግን ተናድጄ አልጨረስኩትም።

ለካ የሱም አንባቢዎች እንደኔው ነበሩ። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ክራባት ያሰረ ሰውዬ በር ላይ ጠበቀው።

«ደራሲው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«እስከ መጨረሻው ገጽ ጠበቅኩ። ማንም አልገደላትም እኮ።»

«አዎ፣ አልገደላትም።»

«ታዲያ ምን አስለፋኝ?» አለና ሰውዬው መጽሐፉን እጁ ላይ ጣል አድርጎለት ሄደ። ቆራጩ የገዛ መጽሐፉን እንደ ተመለሰ ዕቃ ይዞ ቆመ።

ሌሎቹ ደግሞ ይባስ፣ ሳያነቡ የፈረዱት ናቸው። ስፌት ክፍል ውስጥ «ሰው በራሱ ካልመጣበት እንዲህ ያለ ነገር ይጽፋል?» የሚል ሹክሹክታ ተነሳ። በቀልድ ነው የጀመረው። ኃላፊው ሳይቀር «ገዳዩ ተያዘ ወይ?» እያለ ያልፍ ነበር። ቀልዱ ትምህርት ቤት ሲደርስ ግን ቀልድነቱ ቀረ። ልጅቷ አንድ ከሰዓት ቦርሳዋን ሳታወልቅ አባቷ ፊት ቆመች።

«‹እናትሽን የገደላት አባትሽ ነው፣ ራሱ ጽፎታል› አሉኝ» አለችው።

«አንቺ ምን አልሽ?»

«ማንም አልገደላትም አልኩ። ታዲያ ለምን ይጠይቃል አሉኝ።» ቀና ብላ አየችውና «ለምን ትጠይቃለህ አባዬ?» አለችው።

የሚስቱ እናት ማንበብ አይችሉም። መጽሐፉ ስለ ልጃቸው መሆኑን ያውቃሉ፤ ቆራጩ ሲጽፍ እየጠየቃቸው፣ እሳቸውም እያስታወሱለት ነበር። ስሙን ግን አልነገራቸውም። ዛሬ ነገ ሲል አንዲት ጎረቤት ሱቅ ውስጥ ቀደመችውና «የልጅዎ ባል ማን እንደገደላት ሊያወጣ ነው አሉ» አለቻቸው። እሑድ ወንድ ልጃቸው፣ የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ መጣ። ቆራጩ ቤት ነበር። አሮጊቷ ከገመድ የወረደ ልብስ እያጣጠፉ ነበር።

«ከላዩ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

ቆራጩ አንገቱን ደፋ። ወንድምየው አነበበላቸው።

«አንተ ነህ ያልከው?» አሉት ቆራጩን።

«አሳታሚው ነው እማማ። ውስጡ እንደዚያ አይደለም። ቁጭ ይበሉና ላንብብልዎት። እርስዎም አሉበት፤ እንዴት እንዳጠቧት፣ እንዴት እንዳቀፏት፣ ሁሉም አለ።»

«ውስጡን አውቀዋለሁ» አሉ። «እዚያው ነበርኩ። አዲስ የሆነብኝ የላዩ ነው።»

ወንድምየው ሊናገር ሲል በእጃቸው ዝም አሰኙት።

«እዚህ ቤት የነበርነው ሦስት ነን» አሉ። «አንተ፣ እኔ፣ ይቺ ልጅ። ማን ገደላት ብለህ አገሩን ስትጠይቅ፣ ሰው ከሦስታችን ማንን ይበል?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። አላሰብኩትም።»

«አንተ ክፉ አይደለህም» አሉት። «ልጄን እንዴት እንደያዝክ አይቻለሁ። ግን እኔ ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ሱቅ መሄድ አልችልም።»

የሚያጣጥፉትን ልብስ ለሁለት ከፈሉት። የእሱንና የልጅቷን አልጋው ላይ አስቀመጡ፣ የራሳቸውን በነጠላቸው ቋጥረው ከልጃቸው ጋር ሄዱ። ልጅቷ እስከ መንገዱ ጫፍ ተከትላቸው ተመለሰች። አላለቀሰችም፤ ያ ነው ያስፈራኝ ይላል።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ከሚስቱ ጎን ትሰፋ የነበረች ሴት ባሏ ሞተባትና ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሥራ ተመለሰች። ምሳ ሰዓት ካውያ ቤት መጥታ ቆራጩ አጠገብ ተቀመጠች።

«መጽሐፍህን አነበብኩት» አለችው። «ባሌ ካረፈ በኋላ።»

«እግዜር ያጽናሽ።»

«አሜን። እሱ አልጋ ላይ ሳለ ሱቅ ውስጥ በእጄ ይዤው ነበር። ለማስታመም ፈቃድ ወጥቼ ስለነበር ያንተ መሆኑን አላወቅኩም። ርዕሱን አየሁና መለስኩት። ሚስቴን ማን ገደላት የሚል መጽሐፍ በሽተኛ ያለበት ቤት እንዴት ይገባል?»

ቆራጩ ሻይ ቀድቶ አቀረበላት።

«እኔ ልጆቹን እህቴ ጋ ላክኋቸው» አለች። «አባታቸውን እንደዚያ ሆኖ እንዳያዩት። እሱ ይጠይቃቸው ነበር፤ ነገ ይመጣሉ እለው ነበር። ሚስትህ ‹ትቅረብ› ያለችበትን ቦታ ሳነብ ጊዜው አልፎ ነበር።» ሻይዋን ሳትነካ ተነሳች። «ልወቅስህ አይደለም የመጣሁት። ግን ለኔ ነበር እኮ የጻፍከው።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቆ አሳታሚው ዘንድ ሄደ። ያን ቀን ጮኸ ይባላል፤ እሱ ሲጮህ መገመት ይከብደኛል። አሳታሚው አልተከራከረውም። የመጀመሪያው እትም እያለቀ ስለነበር «እሺ፣ ሁለተኛውን በእርስዎ ርዕስ አወጣዋለሁ» አለው። አወጣውም። ሽፋኑ ላይ አንድ መስኮት ብቻ ነበር። ቆንጆ ነበር።

ቆራጩ ልጁን ይዞ አሮጊቷ ዘንድ ሄደ። መጽሐፉን ተቀብለው በመዳፋቸው ሽፋኑን ዳሰሱት፣ ለልጅቷ ሰጧት፣ «በመስኮቱ በኩል» ብላ አነበበችላቸው።

«ደህና ስም ነው» አሉ አሮጊቷ።

«ወደ ቤት ይመለሱ እማማ።»

«ሰው ጆሮ የገባው ያኛው ነው። እኔ ይቺን ይዤ ቤት ለቤት አልዞርም።» መጽሐፉን መልሰው እጁ ላይ አኖሩት። «ልጅቷን ግን አትከልክለኝ፤ በየሳምንቱ ላካት።»

እሱ ግን ገና ተስፋ አልቆረጠም ነበር። አንድ ቅዳሜ ወደ ትልቁ መጻሕፍት ቤት ይዞኝ ሄደ። መጽሔቶቹ ጋ ቆመን እናይ ጀመር። መነጽር ያደረገች ሴት መስኮት የተሳለበትን እትም አነሳችው፣ ሳትከፍት መለሰችው። አንድ ወጣት ለጓደኛው «ይኼ የግጥም ነው መሰለኝ» ብሎ አለፈ። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ቀጥ ብሎ ሻጩ ጋ ሄደ።

«ያ ‹ሚስቴን ማን ገደላት› የሚለው አለ?»

«እሱ አልቋል። ይኸው ግን፣ ያው መጽሐፍ ነው፤ ርዕሱ ነው የተቀየረው» አለና ሻጩ መስኮቱን አወረደለት።

ሰውዬው አገላብጦ አየው። «አይ፣ እኔ የምፈልገው ያኛውን ነው።»

ቆራጩ ሳላስበው ከአጠገቤ ሄዶ «ጌታዬ፣ አንድ ቃል አልተለወጠበትም» አለው።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

ቆራጩ ትንሽ አመነታ። «አንባቢ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው አንተ ውሰደው» አለና ሰውዬው ሳቅ ብሎ ወጣ።

የመስኮቱ እትም ከነካርቶኑ ከአሳታሚው ደረጃ ሥር ተከማቸ። አሳታሚው አስጠርቶት «የፈለጉትን አድርጌልዎት ነበር። አየን አይደል?» አለው፣ ሳይቆጣ፣ እንደ ሐኪም በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ የድሮውን ርዕስ ፊደሉን ከበፊቱ አጉልቶ፣ መጋረጃውንም ይበልጥ አቅልቶ አወጣው። ቆራጩ «እንደፈለጉ ያድርጉት» ብሎ ፈረመ። አሁንም እየተሸጠ ነው።

ሁለተኛ አልጻፈም። ልጅቷ አድጋ ብዙውን ጊዜዋን አያቷ ዘንድ ታሳልፋለች። መጽሐፉን አንብባው እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠየቅኩት። «አላውቅም፤ ፈርቼ አልጠየቅኳትም» አለኝ።

ሚስቱን ያላዩ፣ ኮሌታ እየሰፋች ስትዘፍን ያልሰሟት አዳዲስ ልጆች ፋብሪካው ገብተዋል። ቆራጩ የሚለውን ስም አያውቁትም። የሚጠሩት «ማን ገደላት» እያሉ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ሲጠራ የሰሙት ነው። ጨርቅ ሲመጣ አንዷ ከበሩ ሆና «ማን ገደላት፣ ጨርቅ ደርሷል» ትላለች። እሱም ቢላውን አጥፍቶ «እሺ፣ መጣሁ» ይላታል።