እርጥብ ሣር በቮልሱ ውስጥ

ባለፈው እሑድ ከመገናኛ ወደ ገርጂ ታክሲ ስይዝ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከእሬቻ መመለሷ ነበር። እርጥብ ሣር ታቅፋለች። ሽታው ሲመጣብኝ አባባ ድቅን አሉብኝ።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ልጅ ሳለሁ፣ መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ አባቴ «ሐይቅ እንይ» ብሎ በቮልሱ ደብረ ዘይት ወሰደን። የእሬቻ በዓል መሆኑን አላወቀም። ሆራ ሐይቅ ስንደርስ ዳርቻውን ሰው ሞልቶታል፤ እኛ ምሳችንን እንደያዝን ግራ ገብቶን ቆምን። አባባ ግን ጎንበስ ብለው ሣር ነጩ፤ ውሃው ውስጥ ነክረው ግንባራቸውን ረጩ፤ ከሴቶቹም ጋር በኦሮምኛ መዝፈን ጀመሩ። ቤት ውስጥ ከአማርኛ ሌላ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«አባባ፣ ኦሮምኛ ይችላሉ እንዴ?»

«ቀስ በይ፣ እናትሽ ትሰማለች» አሉኝና ሣሩን አስያዙኝ።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ምሳውን ታወጣለች። ትስማ አትስማ እንጃ። ሰው ከገዛ ልጁ ቋንቋ ይደብቃል? ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሣሩን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ሣሩ ቀሚሴን አረጠበው።

ታክሲው ውስጥ ያለችውን ሴት ጥቂት ሣር ለመንኳትና ቤት ይዤ ገባሁ።

«እማዬ፣ አባባ ያኔ ሆራ የያዙት ሣር ትዝ ይልሻል?»

«የምን ሆራ? ከአባባ ጋር የትም ሄደን አናውቅም» አለችኝ፣ ቆጣ ብላ።

ሣሩን ከእጄ ወሰደችው። ልትጥለው መስሎኝ ነበር። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ቀድታ፣ እንዳይደርቅ ቀስ አድርጋ ነከረችው።